ለማላውቃቸው ሰዎች ለምን እንዲህ አለቅሳለሁ?

ይድረስ ለእትዬ፣

የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የአንዲት የ11 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራዬም ኑሮዬም ደህና ነው። ችግሬን ስነግርዎ እንዳይስቁብኝ።

ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ የአና ፍራንክን፣ የዚያችን ከናዚዎች ተደብቃ የኖረች አይሁዳዊት ልጅ ማስታወሻ አንብቤ ነበር። ባለፈው ወር ያንኑ መጽሐፍ ከዕቃ መሃል አገኘሁትና በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሆሎኮስት፣ ናዚዎች አይሁዶችን ስለፈጁበት እልቂት፣ የተሠራ ፊልም እያሳደድኩ አያለሁ። እስካሁን ስድስት አይቻለሁ። የካምፑ አዛዥ ልጅ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ገብቶ ከአይሁዱ ጓደኛው ጋር የሚሞትበትን ሁለቴ አየሁት። ሰው ሁሉ ሲተኛ ሳሎን ቁጭ ብዬ፣ በጆሮ ማዳመጫ። እንባዬ እስኪደርቅ አለቅሳለሁ። ያሳፈረኝን ልንገርዎ፤ ካለቀስኩ በኋላ ቅልል ይለኛል። በነጋታው ሌላ እፈልጋለሁ። እንቅልፌ ግን ጠፍቷል።

አንድ ሌሊት ባለቤቴ ደረሰብኝ። «ለፈረንጅ ሙት ታለቅሻለሽ፣ ያገርሽ ሰው ሲያልቅ ግን ጣቢያ ትቀይሪያለሽ» አለኝ። ምንም አልመለስኩለትም፤ እውነቱን ነዋ። ዜና ሲመጣ ሪሞት የማነሳው እኔ ነኝ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም በጦርነቱ ጊዜ ሄዶ ቀረ። እኛ ቤት ነበር የሚኖረው። ልጄን ትምህርት ቤት የሚያደርሳት እሱ ነበር። መርዶው በስልክ መጣ። ለቅሶው ላይ ስጋግር፣ ቡና ሳፈላ፣ ሰው ሳስተናግድ ሰነበትኩ እንጂ አንድ ጠብታ አልወጣኝም። ታዲያ ለማላውቃቸው ሰዎች እንዲህ የምንሰቀሰቀው ምን ሆኜ ነው? አስመሳይ ነኝ? ልጄም ሳለቅስ አይታኝ «እኔም ልየው» እያለች ነው። ላሳያት?

እንቅልፍ ያጣሁት፣ ከሐዋሳ

*

የኔ ልጅ፣

አልሳቅሁብሽም። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ እርሳስ ይዤ። ጡረታ የወጣች የታሪክ አስተማሪ ከእርሳስ አትላቀቅም።

ከቀላሉ ልጀምር። ፊልሙን በሌሊት ማየት አቁሚ። ስድስት የእልቂት ፊልም በአንድ ወር፣ ያውም ብቻሽን፣ ያውም ሰው ከተኛ በኋላ፣ የማንንም እንቅልፍ ይነሳል። ማየት ካማረሽ ቅዳሜ ከሰዓት እዪ። ሲያልቅ ከቤት ውጪ፣ ከሰው ጋር ተጫወቺ። በዚህ ሁለት ሳምንት ሞክረሽ እንቅልፉ ካልተመለሰ፣ ወይም ሥራ ላይ ቁጥር መሳት ከጀመርሽ፣ ሐኪም አነጋግሪ። ይሄ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ባልሽ ንግግር። «ለፈረንጅ ሙት» ያላት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ተማሪዎቼም ይሉኝ ነበር። «ቲቸር፣ የነሱ ጉዳይ እኛን ምን አገባን?»

እነዚህ ሰዎች የሞቱት እኮ «እናንተ እንደኛ አይደላችሁም» ተብለው ነው። የአና አባት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን የተዋጋ መኮንን ነበር። ልጆቹም ፍራንክፈርት ነው የተወለዱት። ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ያ ሁሉ ዋጋ አጣና ወደ አምስተርዳም ተሰደዱ። ጎረቤት የነበረ ሰው በወረቀት ከሰውነት ተራ ወጣ።

ያ ወረቀት እኛም አገር መጥቶ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች አዲስ አበባ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ያደረጉትን ባልሽ ያውቃል፣ ሐውልቱም ስድስት ኪሎ ቆሟል። ብዙ ሰው የማያውቀው የቀጠለውን ነው። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ሮም አንድ ድንጋጌ አወጣች። በቅኝ ግዛቷ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰር አለች። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ ያው መንግሥት ወደ ራሱ አይሁዶች ዞረ። ከትምህርት ቤት አባረራቸው፣ ከመንግሥት ሥራ አባረራቸው። ፕሪሞ ሌቪ የሚባል የቱሪን ልጅ ያን ጊዜ ኬሚስትሪ ይማር ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1944 ከ650 ሰዎች ጋር ተጭኖ አውሽዊትዝ ወደሚባለው የናዚዎች የሞት ካምፕ ተላከ። እሱ በነበረበት ፉርጎ 45 ሰዎች ነበሩ። ቤታቸው የተመለሱት 4 ናቸው። አንዱ እሱ ነው። ያየውን ጽፎ አለፈ።

አንድ ልጨምር፤ ይቺን ክፍል ውስጥ ስናገር ሁሌ ጸጥ ይሉልኝ ነበር። ለዚህ ወንጀል ስም ያወጣለት ራፋኤል ሌምኪን የሚባል ወላጆቹን በእልቂቱ ያጣ የሕግ ሰው ነው። «ጄኖሳይድ» የሚለውን ቃል የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። እኛ «የዘር ማጥፋት» የምንለው ማለት ነው። በ1948 የተባበሩት መንግሥታት ወንጀሉን የሚከለክል ስምምነት አወጣ። ስምምነቱን ቀድማ ያጸደቀችው አገር ማን ናት? ኢትዮጵያ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1949።

ይህን ሁሉ ግን ለባልሽ መልስ አድርገሽ እንዳትወረውሪበት። ክርክሩን ታሸንፊው ይሆናል። እሱ የጠየቀሽ ግን ሌላ ነገር ነው። እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ እንባሽ።

ፊልም እንዲያስለቅስ ሆኖ ነው የሚሠራው። ቫዮሊኑም፣ የልጁ ዓይንም፣ ዝምታውም ታስቦበት ነው። ይሄ ማጭበርበር አይደለም። እኛም አልቃሽ አለችን። አልቃሽ ሟቹን ላታውቀው ትችላለች። ስሙን፣ ሙያውን፣ የትውልድ ቀዬውን ጠይቃ ትገባለች። ሙሾውን ስትደረድረው ግን ለቅሶተኛው እውነተኛ እንባ ነው የሚያፈሰው፤ ማንም አስመሳይ አይለውም። ብቻ አንድ ነገር አለ። አልቃሽ ለማን እያስለቀሰች እንደሆነ ጠንቅቃ ታውቃለች። የሌላውን ሰው ስም ብትጠራ ጉድ ነው የሚፈላው።

ሁለቴ ያየሽው ፊልም ላይ ያለኝ ቅሬታ እዚህ ጋ ነው። «ባለመስመሩ ፒጃማ የለበሰው ልጅ» ነው፣ አይደል? ልብ ወለዱ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ፊልሙ በ2008 የወጣ። (ያላያችሁት አንባቢዎች ይቅርታ፣ መጨረሻውን እሷ አስቀድማ ነግራችኋለች።) ታሪኩ ፈጠራ ነው። በእውነተኛው አውሽዊትዝ አጥሩ ኤሌክትሪክ ነበረው፣ ጠባቂም ነበረው። በዚያ ዕድሜ ያሉ ልጆች አብዛኞቹ ከባቡር እንደወረዱ ቀጥታ ወደ ጋዝ ክፍል ነው የተወሰዱት። አጥር ሥር ቁጭ ብሎ ጓደኛ የመያዝ ዕድል አልነበራቸውም። የአውሽዊትዝ ሙዚየም ራሱ በ2020 «ይህን ታሪክ የሚያጠና ወይም የሚያስተምር ሰው ከመጽሐፉ ቢርቅ ይሻላል» የሚል ምክር ሰጥቷል።

እኔን ያስከፋኝ ግን አጥሩ አይደለም። እኔም አልቅሻለሁ፣ መሃረቤን ነው ያራስኩት። የገባኝ በማግስቱ ዕቃ ሳጥብ ነው። ያን ቀን ወደዚያ ክፍል ስንት ሰው ገባ? እኛ ተጨንቀን የጠበቅነው ማንን ነበር? የአዛዡን ልጅ። የማን እናት ስትጮህ ነው ልባችን የተሰበረው? የአዛዡ ሚስት። የልጁ ሞት የከበደን በስህተት ስለገባ ነው። የቀሩት ታዲያ በስህተት ስላልገቡ ነው? እጄ ሳሙና ውስጥ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ።

ሌላውም፣ ባለ ጥቁርና ነጩ የሺንድለር ፊልም፣ ካየሻቸው ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ፣ ስቲቨን ስፒልበርግ የሠራው። እሱ እውነተኛ ሰው ላይ የቆመ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ኦስካር ሺንድለር የሚባለው ነጋዴ ወደ 1,200 የሚጠጉ ሰዎችን አትርፏል። መጨረሻ ላይ ከእነዚያ የተረፉት በአካል መጥተው ኢየሩሳሌም ያለው መቃብሩ ላይ ጠጠር ያኖራሉ። እሱን አይቶ ቅልል የማይለው የለም። ግን ከጦርነቱ በፊት ፖላንድ ውስጥ ብቻ 3.3 ሚሊዮን ገደማ አይሁዶች ይኖሩ ነበር። ወደ 3 ሚሊዮን የሚሆኑት ተገድለዋል። በአጠቃላይ የተገደሉት 6 ሚሊዮን ናቸው። ፊልም ስለተረፈው ሰው መሠራቱ አይገርምም፣ ታሪኩን የሚነግርሽ የተረፈ ነውና። የብዙዎቹ ታሪክ ግን ፍጻሜ እንኳ የለውም። ተቋርጦ ነው የቀረው።

ቅልል ማለትሽን አትፈሪው። ያለቀሰ ሰው ይቀለዋል፣ ገላ ነው። እኔ የምጠይቅሽ ሰባተኛ ፊልም ከመፈለግሽ በፊት ወደ አና እንድትመለሺ ነው። በሁለት ሌሊት ከጨረስሽው መጽሐፍ በኋላ ያለውን ተከተዪ።

ማስታወሻው የሚያበቃው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1944 ነው። በሦስተኛው ቀን ፖሊስ መጣ። ተደብቀው ከነበሩት 8 ሰዎች አንድም አላመለጠም። የተበተነውን ወረቀት ከወለል ላይ የለቀመችው ሚፕ ጊስ ናት፣ ምግብ ስታመላልስላቸው የነበረችው። አላነበበችውም፤ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። ልጅቷ ስትመለስ ልትሰጣት። ኋላ ላይ «አንብቤው ቢሆን አቃጥለው ነበር» ብላለች፣ የረዷቸው ሰዎች ስም በውስጡ ነበርና።

አና መስከረም 3 ቀን ከ1,000 በላይ ሰዎች በጫነ ባቡር ወደ አውሽዊትዝ ተላከች። ከቬስተርቦርክ ካምፕ ወደዚያ የሄደ የመጨረሻው ባቡር ነው። የመጨረሻው! ከዚያ ከእህቷ ከማርጎት ጋር ወደ በርገን-ቤልሰን ተዛወሩ። ሁለቱም በ1945 መጀመሪያ በታይፈስ ሞቱ። መጀመሪያ ማርጎት፣ ቀጥሎ አና። 15 ዓመቷ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ካምፑን ነፃ ያወጣው ሚያዝያ 15 ቀን ነው፣ ከሞቷ ብዙም ሳይቆይ። ከስምንቱ የተመለሰው አባቷ ኦቶ ብቻ ነው። ሚፕ መሳቢያውን ከፍታ የሰጠችው ለእሱ ነው። ዛሬ በርገን-ቤልሰን ላይ በሁለቱ እህትማማቾች ስም የቆመ ድንጋይ አለ። ከሥሩ ግን የሉም። የት እንደተቀበሩ የሚያውቅ የለም።

ይሄኛው አያቀልሽም። ቫዮሊንም የለበትም።

ስለ ልጅሽ። ስድስቱንም አታሳያት። ዋሽንግተን ያለው የሆሎኮስት ሙዚየም ዋናውን ትርኢቱን ለ11 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው የሚመክረው። እዚያም ቢሆን በጣም የሚሰቀጥጡት ምስሎች ዙሪያቸው ግንብ አለው፤ ትንሽ ልጅ ሳታስበው ዓይኗ እንዳያርፍበት። የአንቺ ሳሎን ግንብ የለውም። እናቷ በሌሊት ስታለቅስ ያየች ልጅን ግን «አያገባሽም» ብሎ መሸኘትም አይሆንም። ለምን እንዳለቀስሽ በአጭሩ ንገሪያት። ማስታወሻውን አንድ ሁለት ዓመት ቆይታ፣ የአና ዕድሜ ላይ ስትደርስ፣ ከአንቺ ጋር ታንብበው። አና ደብተሩን ያገኘችው ለ13ኛ ዓመት ልደቷ ነው። ልጅሽ በመጀመሪያ የምትስቅበትን ታገኝበታለች። አና ነገረኛ ናት፣ ከእናቷ ጋር አትስማማም፣ በሰው ታሾፋለች። እሱም ይወቅላት።

አሁን ወደ ባልሽ ልመለስ። እስካሁን ስሸሸው የቆየሁት እዚህ ስለሆነ ነው።

«ያገርሽ ሰው» ሲልሽ ሕዝቡን ማለቱ አይመስለኝም። ወንድሙን ነው። በእኩለ ሌሊት ሚስቱ ስትንሰቀሰቅ አገኛት። አጠገቧ ሲደርስ ያየው ስክሪን ላይ ያለ የማያውቀውን ልጅ ነው። ያቺን እንባ ሌላ ቦታ ሲጠብቃት ነበር።

አንቺም ደግሞ አልጨከንሽም። ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚጋግር ሰው ያስፈልጋል፤ የምትጋግረው ሴት ደግሞ ለማልቀስ ጊዜ የላትም። እንግዳው ሲያልቅ ድንኳኑ ፈርሷል። መርዶው በስልክ ነው የመጣው፣ አስከሬን የለም። አስከሬን የሌለበት ለቅሶ ያስቸግራል። ሰው አልቅሶም ስልክ በጠራ ቁጥር ይደነግጣል። ዜና ሲመጣ ሪሞት የምታነሺው ለአገርሽ ሰው ግድ ስለሌለሽ ሳይሆን፣ እሱን እዚያ መሃል እንዳታይው ይመስለኛል። በፊልሙ ግን ማን እንደሚሞት ታውቂያለሽ። ሁለተኛ ያየሽውማ አስቀድመሽ ነው ያወቅሽው።

እናቴ ነፍሷን ይማረውና ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ «ዛሬ ደግሞ ለማን አለቀስሽ?» እላት ነበር። አንዳንዴ «ለሟቹ» ትላለች። አንዳንዴ «ለወንድሜ»። ወንድሟ ከሞተ 20 ዓመት አልፎት ነበር። በሰው ለቅሶ የራስን ሙት ማልቀስ እኛ ዘንድ ነውር ሆኖ አያውቅም። ነገር ግን እናቴ ለይታ ታውቀው ነበር። አንቺም ለዪው። የአና እንባ የአና ይሁን፤ እሷ የኛን ኀዘን ማስታገሻ ልትሆን አይደለም የጻፈችው። የእሱ ደግሞ የእሱ።

ኢየሩሳሌም ውስጥ ያድ ቫሼም የሚባል የመታሰቢያ ተቋም አለ። ስሙ «መታሰቢያና ስም» ማለት ነው፣ ከኢሳይያስ 56 የተወሰደ። እዚያ አንድ ቅጽ አለ፣ የምስክርነት ገጽ ይሉታል። ለአንድ ሟች አንድ ወረቀት። ስሙ፣ የወላጆቹ ስም፣ የተወለደበት ቦታ፣ ሥራው፣ ዕጣው። የሚያውቀው ሰው ይሞላና ይፈርምበታል። መቃብር ለሌለው ሰው ያ ወረቀት የመቃብር ድንጋዩ ነው። በዚህና በሌሎች ሰነዶች 5 ሚሊዮን ገደማ ስም ተሰብስቧል። ያ ሁሉ ስም የተገኘው እንዲህ አንድ በአንድ ሲጻፍ ነው።

እኔ እንደ እነሱ ቅጽ የለኝም። አንቺ ግን ደብተር አታጪም። አንድ እሑድ ልጅሽ ስትተኛ ለባልሽ ቡና አፍዪለትና «እስቲ ስለ ወንድምህ ንገረኝ፣ እኔ ልጻፍ» በዪው። ስለ ፊልሙ አታንሺበት። ይቅርታም አትጠይቂው፣ ያጠፋሽው የለም። ምናልባት እምቢ ይላል። ምናልባት አንድ ሰዓት ያወራል። ካለቀሰ አታባብዪው።

እርሳሴ ያሰመረበትን ልንገርሽና ላብቃ። በደብዳቤሽ የአናን ስም ጽፈሻል። እሱን ግን «የባለቤቴ ታናሽ ወንድም» ብለሽ አለፍሽው። ስሙን አልጻፍሽልኝም። ቀጥለሽ ስትጽፊልኝ ስሙን ንገሪኝ። ደግሞ ትምህርት ቤት ሲያደርሳት መንገድ ላይ ምን እያወሩ ይሄዱ ነበር? እሱን ልጅሽን ጠይቂያት።